በመልእክት የደረሱት አባት

በእኛ ከተማ ስልክ የሌለው ሰው የለም፤ በስልክ የሚነጋገር ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ ከእነዚህ አንዱ ነኝ። ሥራዬ ደዋይነት ነው። ደዋይ ማለት መደወል በሚፈራ ሰው ፈንታ ደውሎ የሚናገር፣ ለዚህም ከጥሪ ሹም ጽሕፈት ቤት ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው። ስሜ ላቀው ነው፤ ደንበኞቼ ጋሽ ላቀው ይሉኛል፣ ማለትም እንደዚያ ብለው ይጽፉልኛል።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ድሮ ስልክ ከጮኸ ወይ መርዶ ነው፣ ወይ የቢሮ መጥሪያ። ሰው ስልኩ በጮኸ ቁጥር እየደነገጠ ሲቸገር በመጀመሪያ ድምፁን ዘጋው። ቀጥሎ ማንሳት ተወ። መልእክት መጻፍ ቀለለው። ሲጽፉ እጅ ቢንቀጠቀጥም ፊደሉ አይንቀጠቀጥም፤ እያለቀሱም ቢሆን "ደህና ነኝ" ብሎ መላክ ይቻላል። ጽሕፈት ቤቱም ነገሩን ወደደው። ከየቤቱ የሚወጣው መልእክት ሁሉ "ደህና ነን" የሚል ስለነበር፣ የነዋሪው ደህንነት ከምንጊዜውም በላይ መሻሻሉ ተገለጸ።

ከዚያ አዋጅ ወጣ። ሳያስፈቅዱ መደወል "ድምፅ መወርወር" ተብሎ፣ ድንጋይ ከመወርወር ጋር በአንድ አንቀጽ ተከለከለ። መደወል የፈለገ ሰው አስቀድሞ በመልእክት ይጠይቃል፤ ተደዋዩ ከፈቀደ ይደወልለታል። ከጥቂት ነጋዴዎች፣ ከሐኪም ቤቶችና ከሐዘንተኞች በቀር ግን የሚፈቅድ አልተገኘም። "አሁን አይመችም" የሚለው መልስ ስልኩ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ መሸጥ ጀመረ።

ፊት ለፊት መነጋገር አልተከለከለም፤ ልማዱ ነው እየቀረ የመጣው። አንድ ጎረቤቴ ቤቱ ሲቃጠል ለእሳት አጥፊዎቹ "ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ ይሆን?" ብሎ ጻፈላቸው። "ኧረ የለም፣ ምን እንታዘዝ?" የሚል መልስ እስኪመጣ ጣራው ወርዷል። ስለ ጨዋነቱ ምስጋና ቀረበለት፤ ምስጋናው የደረሰው ዘመዱ ቤት ተጠግቶ ሳለ ነው።

እኔ የማልፈራው ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ያደግኩት ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው፤ እዚያ ያልጮኸ ሰው አይሰማም፤ የሰው ድምፅ ሲመጣብኝ አልደነግጥም። የምሠራባት ትንሽ ዳስ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ናት። ልብስ ሰፊው ቀጠሮ እንዲያራዝም፣ የቤት አከራይ ቧንቧ እንዲያስጠግን፣ ልጃገረድ እሺ እንድትል እደውላለሁ። ለቅሶ እንድደርስላቸው የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። የማላውቀውን ሟች እያነሳሁ በስልክ አለቅሳለሁ፤ ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ ይሰማኛል፣ ሲበቃው በእጁ ምልክት ይሰጠኛል።

ፈትለወርቅ የመጣችው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከዳሴ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ያላገባች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ከዚያ በፊት ሰላምታ እንጂ ሌላ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

"ጋሼ፣ አባቴ ጠፋብኝ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ደርሻለሁ ካለኝ በኋላ።"

እንድትቀመጥ ነግሬያት ተቀመጠች፤ ከዚያ አጫወተችኝ። አባቷ አቶ ይርዳው አናጢ ናቸው። ከተራሮቹ ማዶ፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። አባትና ልጅ በየጠዋቱ ይጻጻፋሉ፤ እሳቸው "ደህና ነኝ" ይላሉ፣ እሷም "እኔም ደህና ነኝ" ትላለች። በዓል በመጣ ቁጥር "ልምጣ" ስትል "አትቸገሪ፣ መንገዱ ተበላሽቷል" ይሏታል። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ። ለመጨረሻ ጊዜ ስትለያቸው ዓይናቸውን ሞራ መጋረድ ጀምሮት ነበር።

በዚያ ሳምንት ከሩቅ አገር የመጡ የዓይን ሐኪሞች ኳስ ሜዳችን ላይ ድንኳን ተክለው ነበር። የሚቆዩት እስከ ቅዳሜ ነው። ፈትለወርቅ ይህን ሰምታ ጻፈችላቸው። "እሺ፣ እመጣለሁ" የሚል መልስ መጣ። ሰኞ ጠዋት "ተሳፍሬያለሁ" የሚል መጣ። ማምሻውን ማቆሚያው ሄዳ ጠበቀች። አውቶቡሱ ደርሶ ሰው ወረደ። መጨረሻ ላይ ዶሮ የያዘች ሴት ስትወርድ የፈትለወርቅ ስልክ ብልጭ አለ፤ "ደርሻለሁ። ደህና ነኝ።"

"የት ነህ?" ብላ ጻፈች።

"እዚሁ" የሚል መልስ መጣ።

አውቶቡሱን ዞረችው። ውስጡ ገብታ ወንበሮቹን አየች። ሹፌሩን ጠየቀችው፤ ሹፌሩ ስልኳን አይቶ "ደርሻለሁ ይላል እኮ" አላት። በማግስቱ ሌላ መልእክት መጣላት። "ታክሜ ተመልሻለሁ። ዓይኔ በርቷል። ፈጣሪ ይባርክሽ ልጄ።"

"ሐኪሞቹን ጠየቅሽ?" አልኳት።

"ጠየቅኩ። እንዲህ የሚባል ሰው አልመጣም አሉኝ።"

"አባትሽ ቀልድ ያውቃሉ?"

"አያውቅም።"

መደወል እንደምችል፣ ግን የአባቷን ድምፅ ስለማላውቅ ራሷ መስማት እንዳለባት ነገርኳት። እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከተተች። ተማሪ ሳለች ጓደኛዋ አንድ ነገር ተናግራ እያሳቀቻት ስልክ ጮኸ፤ አነሳችው፤ እናቷ መሞታቸውን ነገሯት። "ሄሎ ያልኩት እየሳቅኩ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አንስታ አታውቅም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ስልክ ሲጮኽ ዕቃ ቤት ገብታ እስኪያባራ ትቆማለች።

እንደ ደንቡ አስቀድሜ ጻፍኩ። "አቶ ይርዳው፣ መደወል ይቻላል?" መልሱ ወዲያው መጣ። "አሁን አይመችም።" እንዲህ ፈጥኖ የሚጽፍ ሽማግሌ ገጥሞኝ አያውቅም።

ቀጥለን ወደ ጥሪ ሹሙ ሄድን። ጥሪ ሹም አቶ እንደሻው ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሯቸው ወፍራም ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው፤ በሩ ላይ "ድምፅዎን ከውጭ ይተዉ" የሚል ተለጥፏል። እዚያ ባለጉዳይና ሹም ፊት ለፊት ተቀምጠው በስልክ ይጻጻፋሉ። ፈትለወርቅ የመጡላትን መልእክቶች ሁሉ ላከችላቸው። አንብበው ፊታቸው በራ። ጻፉላት።

"አባትዎ ታክመው ድነዋል። እንኳን ደስ ያለዎት።"

"አልመጡም" ብላ ጻፈች።

"ደርሻለሁ ይላል።"

"ጠብቄአቸው አላየኋቸውም።"

አቶ እንደሻው ቀና ብለው አዩዋት፤ መልሰው አጎነበሱ። "እርስዎ አለማየትዎ የዓይን ጉዳይ ነው። ሐኪሞቹ እስከ ቅዳሜ አሉ፤ ቢታዩ ጥሩ ነው።"

እኔም ያለ ተደዋዩ ፈቃድ አንድ ጊዜ እንድደውል ይፈቀድልኝ ብዬ ጻፍኩ። "አይመችም ብለዋል። አንድን አረጋዊ በድምፅ ማስደንገጥ ከእርስዎ አይጠበቅም" አሉኝ። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኝተው ጎንበስ ብለው አሰናበቱን።

ወደ ዳሴ ተመለስን። ደርሰን በሩን ስከፍት "ይደውሉልኝ" አለችኝ።

"ፈቃዴን ይነጥቁኛል።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምንም። እየጠየቅኩዎት ነው።"

እዚያች ዳስ ውስጥ ያለቀሰብኝ፣ የተቆጣኝ፣ እግሬ ላይ የወደቀም አለ። እንዲሁ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደወልኩ።

ብዙ ጮኸ። ሊቋረጥ ሲል ተነሳ፤ ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ።

"ማነው? ማን ሞተ?" አለ የሽማግሌ ድምፅ።

"ማንም አልሞተም አባት። አቶ ይርዳው ነዎት?"

"ነኝ። ማንም ካልሞተ ለምን ደወልክ?"

"ልጅዎ ፈትለወርቅ ናት ያስደወለችኝ።"

"እሷ አፍ የላትም?"

ፈትለወርቅን አየኋት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ አባቷ ናቸው። "አጠገቤ ናት" አልኩ።

"ታዲያ ስጣታ።"

ከእሳት የወረደ ድስት እንደሚቀበል ሰው ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ድምፁ ለሁለታችንም ይሰማ ነበር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣትም። እንደገና ሞከረች።

"አባዬ" አለች።

"ድምፅሽ ጎርንኗል" አሏት።

"ሰኞ ዕለት የት ነበርክ?"

"ቤቴ ነዋ። የት እሄዳለሁ? በረንዳዬ ላይ እንኳ የምወጣው በዳበሳ ነው።"

"በዳበሳ?"

"ዓይኔ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ጌጡ ጽፎልሽ የለም?"

"ጌጡ ማነው?"

"መላሹ ነዋ። መልእክቴ የሚገባው በእሱ ስልክ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ያንቺን የሚያነብልኝ፣ የእኔን የሚጽፍልሽ።"

መላሽ የሚባል ሥራ በዚያ ከተማ መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እዚህ እኛ ለፈሩ ሰዎች እንናገራለን፣ እዚያ እነሱ ለደከሙ ሰዎች ይጽፋሉ።

"አባዬ፣ 'ደህና ነኝ' እያልክ አይደለም እንዴ የምትጽፍልኝ?"

"እኔ? በምን ዓይኔ?"

"ልምጣ ባልኩ ቁጥር 'አትምጪ' ያልከኝስ?"

"እኔ ነኝ አትምጪ ያልኩሽ? በየበዓሉ በሬ ላይ ወንበር አውጥቼ የምቀመጠው ሰው? አንቺ ነሽ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ያልደወልሽው!"

"ስልክ እንደምፈራ ታውቅ የለም?"

"እኔስ? እኔ እናትሽን ቀብሬ ስልክ የማልፈራ ይመስልሻል? በጮኸ ቁጥር ማን ሞተ እላለሁ። ግን አነሳዋለሁ!"

ተጣሉ። ፈትለወርቅ ከወንበሯ ተነስታ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸች። አባቷም ከዚያ በኩል ጮኹ። አላፊ አግዳሚው ቆመ። ከፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ መስኮቱን ዘጋ፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ከፈተው። አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ በሁለት እጇ ይዛ ራሷ ግን ትሰማ ነበር። የሰው ልጅ እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲነጋገር ብዙዎቹ ሰምተው አያውቁም።

ሁለቱም ደከማቸው። አቶ ይርዳው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይሁን። ያለፈው አልፏል። ልጁ እንዴት ነው?"

"የቱ ልጅ?"

"ጥበቡ ነዋ።"

ፈትለወርቅ ወደ እኔ ዞረች። "ጥበቡ ማነው?" አለች በስልኩ።

"ምን ነካሽ? ስም አውጣለት ብለሽኝ እኔ ያወጣሁለት። ጥርስ አበቀለ ብለሽ ጽፈሽልኝ የለም? መራመድ ጀመረ ብለሽ የለም?"

ምን ልበል የሚል ዓይን በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም የምለው አላጣም። ያን ጊዜ አጣሁ። በመልእክት ቢሆን ኖሮ "ደህና ነው" ብላ ታልፈው ነበር፤ አባቷም ደስ ብሏቸው ይውሉ ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ ልጅ የለኝም። አላገባሁም።"

 የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

"ከመጀመሪያውም የለም?" አሉ ቆይተው።

"ከመጀመሪያውም።"

"እንግዲያው አልሞተም ማለት ነው" አሉ አቶ ይርዳው።

ፈትለወርቅ አለቀሰች። አባቷ እስክትጨርስ ጠበቋት። ሲበቃት አፍንጫዋን ጠረገችና "ነገ ና። ሐኪሞቹ ቅዳሜ ይሄዳሉ" አለች።

"ከማን ጋር ልምጣ?"

"ያ ጌጡ የሚባለው ሰውዬ ያምጣህ።"

አርብ ማምሻውን አውቶቡሱ ሲደርስ እኔም ማቆሚያው ላይ ነበርኩ። አቶ ይርዳው ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ በአንድ እጃቸው ታቅፈው፣ በሌላው የአንድ ኮት የለበሰ ሰው ክንድ ይዘው ወረዱ። ኮት የለበሰው ጌጡ ነው። ከፈትለወርቅ ይልቅ መሬቱን ያይ ነበር። አባትና ልጅ ተቃቅፈው ሲቆሙ እኔ ጌጡን ወደ ጎን ወሰድኩት።

"ለምን?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ልጅቱ በየቀኑ የምትጽፈው 'ደህና ነኝ' ብቻ ነው" አለኝ። "በየቀኑ ያንኑ ሳነብላቸው ሽማግሌው 'ሌላስ?' ይሉኛል። 'ሌላስ?' ሲሉኝ ባዶ እጄን መሄድ ከበደኝ። አንድ ቀን አገባች አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ካገባች በኋላ ልጅ መውለዷ ግድ ሆነ።"

"መጥቻለሁ፣ ደርሻለሁ፣ ታክሜያለሁ ማለትህስ?"

"እምቢ ብል ራሷ መጥታ እንዳትወስዳቸው ፈርቼ እሺ ብዬ ስለጀመርኩ ነው። እመጣለሁ ያለ ሰው መድረስ አለበት። የደረሰ ደግሞ ሳይታከም አይመለስም።" ትንሽ አሰበና "ከመጡ ስለ ልጁ ይነጋገራሉ ብዬ ፈራሁ" አለኝ። ይህን የተናገረው ድምፁ እየተቆራረጠ ነው፤ መናገሩ እንደ ጽሑፉ አልቀናውም።

ቅዳሜ ሐኪሞቹ ድንኳኑን እያፈረሱ ነበር። ፈትለወርቅ አንዷን ሐኪም እጇን ይዛ ጮክ ብላ ለመነቻት፤ ሐኪሟ ቋንቋችንን ባታውቅም ገባት። ለሁለት ዓይን ጊዜ አልነበረም፤ የቀኙን ሠሩላቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አቶ ይርዳው መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፤ ገልብጠው መዳፋቸውንም አዩ። ቀጥሎ ልጃቸውን።

"ከስተሻል" አሏት። "ጌጡ ወፍራለች ብሎኝ ነበር።"

ጨርቁን ፈትተው ያመጡትን ዕቃ አወጡ። ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካ ነው። ዓይናቸው ሳያይ በዳበሳ የሠሩት፣ ጠርዙ ሁሉ የልጅ እግር እንዳይቧጥጥ በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ። በሚያየው ዓይናቸው አገላብጠው መረመሩት። "ጉድለት የለውም" አሉ። "ይዤው ልመለስ፤ ለጎረቤት ልጅ ይሆናል።"

"አይሆንም። የእኔ ነው" አለች ፈትለወርቅ።

እኔን በተመለከተ፣ ከጥሪ ሹሙ ጽሕፈት ቤት በዚያው ሳምንት መልእክት መጣልኝ። መጀመሪያው ላይ "ባደረሱት የድምፅ ውርወራ ምክንያት" የሚል ሳይከፈት ይታያል። በደንቡ መሠረት ውሳኔ የሚጸናው ተደራሹ መልእክቱን ከከፈተበት ሰዓት ጀምሮ ነው። እስካሁን አልከፈትኩትም። አቶ እንደሻው ከፍቼ እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት ይልኩልኛል፤ እሱንም አልከፍተውም። ዳሴ እንደተከፈተች ናት። አቶ እንደሻው አንዳንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩኛል። ተሻግረው ቢነግሩኝ ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር፤ አይሻገሩም።

ፈትለወርቅ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ብቻዋን ስትደውል አሁንም ይከብዳታል፤ ይደውሉልኝ ግን አትለኝም። ዱካዋን ይዛ መጥታ ጥግ ላይ ታስቀምጥና ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ትቀመጥባታለች። ትደውላለች። እስኪነሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ይጣላሉ፤ ስለ ዓይን ጠብታው፣ ስለ ጣራው፣ ለምን ወደ እሷ መጥተው እንደማይኖሩ።

ባለፈው እሑድ ጌጡ አሁንም ጠዋት ጠዋት እንደሚመጣ አባቷ ነገሯት።

"አሁን ምን ሊያደርግልህ?" አለች። "ማንበብ ትችል የለም?"

"እችላለሁ" አሉ አቶ ይርዳው። ቀጥለውም "ስለ ጥበቡ እጠይቀዋለሁ" አሉ።

 እኔ ልወጣላቸው ብዬ ተነሳሁ፤ ፈትለወርቅ በእጇ ይቀመጡ አለችኝ።

"ትምህርት ቤት ገባ አለኝ" አሉ አባቷ፣ ያጠፋ ልጅ በሚናገርበት ድምፅ።

"ጎበዝ ነው?" አለች።

"ሒሳብ ይቸግረዋል።"

"በእኔ ወጥቶ ነው" አለች ፈትለወርቅ።